ያረጀ ራውተር አይጣል፦ የገመድ አልባ ኢንተርኔትን ወደ ሌላ ክፍል የማድረስ ዘዴ

ሰቆጣ፦ ፃግብጂን በመሰሉ የዋግ ኽምራ ብሔረሰብ አሥተዳደር ወረዳዎች ኢንተርኔት የገባለት ቢሮ፣ ትምህርት ቤት ወይም መኖሪያ ቤት ቢኖርም የገመድ አልባ አገልግሎቱ ራውተሩ ከተቀመጠበት ክፍል እምብዛም አይርቅም። ለዚህ አንዱ ምክንያት የግንባታው ዓይነት ነው። በድንጋይና በጭቃ የተገነባ ወፍራም ግድግዳ ብርድንና ሐሩርን እንደሚከላከል ሁሉ የዋይፋይ ሞገድንም ያዳክማል። በአንጻሩ በብዙ መሥሪያ ቤቶችና መኖሪያ ቤቶች መጋዘን ውስጥ፣ አዲስ በመተካቱ ብቻ አቧራ የሚጠጣ ያረጀ ራውተር አይጠፋም። ይህ መሣሪያ ጤነኛ ከሆነ አንድ ኬብል በመዘርጋትና ጥቂት ቅንብሮችን በመለወጥ ኢንተርኔቱን ወደ ሌላው ክፍል ማድረስ ይቻላል። ይህ ጽሑፍ አሠራሩን ከመነሻው እስከ መጨረሻው ያብራራል።

ጉዳዩ ለምን ያስፈልጋል?

በይነ መረብ በኢትዮጵያ ሥራ የጀመረው በ1989 ዓ.ም ነው። ከዚያ ወዲህ አገልግሎቱ ከዋና ከተሞች ወደ ወረዳዎች እየሰፋ መጥቷል። ኢትዮ ቴሌኮም በ2003 ዓ.ም በአዲስ መልክ ተቋቋመ፤ ሳፋሪኮም ኢትዮጵያም በ2015 ዓ.ም ወደ ገበያው ገባ። የሞባይል ገንዘብ አገልግሎቱ ቴሌብር በ2013 ዓ.ም መጀመሩ ደግሞ ስልክና ኢንተርኔትን ከንግድ ሥራ ጋር ይበልጥ አስተሳስሯል።

ለአርሶ አደሩ መረጃ እንደ ዘርና ማዳበሪያ ያለ ግብዓት ነው። ድርቅ በሚደጋገምበት አካባቢ የዝናብ ትንበያን አስቀድሞ ማወቅ የዘር ወቅትን ለመወሰን ይረዳል። የዋግ ነጭ ማር፣ የፍየልና የበግ ገበያ ዋጋን ማነጻጸር አምራቹን ከደላላ ጫና ይታደጋል። የግብርና ባለሙያው የተባይ ፎቶግራፍ ለምርምር ማዕከል መላክ ይችላል፤ ተማሪውም የፈተና ውጤቱን ለማየት ረጅም መንገድ መጓዝ አይጠበቅበትም። ይሁን እንጂ ኢንተርኔቱ በኃላፊው ቢሮ ብቻ ተወስኖ ከቀረ ባለሙያው በረንዳ ላይ ቆሞ ሲግናል ፍለጋ ስልኩን ወደ ላይ ማንሳቱ አይቀርም።

በሰሜኑ ጦርነት በአካባቢው በርካታ የመንግሥትና የግል ንብረቶች መውደማቸው ይታወሳል። በእንዲህ ያለ ሁኔታ አዲስ ዕቃ ከመግዛት በፊት በእጅ ያለውን መፈተሽ ተገቢ ነው። በተለይ አነስተኛ በጀት ያላቸው ትምህርት ቤቶች፣ ጤና ጣቢያዎችና የቀበሌ ጽሕፈት ቤቶች ከዚህ ዘዴ ይጠቀማሉ።

ራውተርና አክሰስ ፖይንት ምንና ምን ናቸው?

ሥራውን በቀላሉ ለመረዳት የመስኖን አሠራር ማሰብ ይጠቅማል። ከወንዝ ተጠልፎ የመጣውን ውኃ በዋናው ቦይ ላይ ሆኖ ለየማሳው የሚያደላድል የውኃ አባት አለ። ማን በየትኛው ቀን፣ በየትኛው ቦይ እንደሚያጠጣ የሚወስነው እርሱ ነው። ዋናው ራውተርም እንዲሁ ነው። ከአገልግሎት ሰጪው የመጣውን መስመር ተቀብሎ ለየስልኩና ለየኮምፒውተሩ የተለያየ ቁጥር ይሰጣል። ይህ ቁጥር አይፒ አድራሻ ይባላል። አድራሻውን በራሱ የማደሉ ተግባር ደግሞ ዲኤችሲፒ ተብሎ ይታወቃል።

አክሰስ ፖይንት ግን የውኃ አባት አይደለም። ከዋናው ቦይ የደረሰውን ውኃ ራቅ ወዳለው ማሳ የሚያደርስ ንዑስ ቦይ ነው። አድራሻ አያድልም፤ በኬብል የመጣለትን ወደ ዋይፋይ ሞገድ፣ ከስልክ የመጣውንም ወደ ኬብል ያስተላልፋል።

ያረጀውን ራውተር ወደ አክሰስ ፖይንት የመለወጥ ሥራ እንግዲህ የውኃ አባትነቱን መንጠቅና ንዑስ ቦይ ማድረግ ነው። በአንድ ቦይ ላይ ሁለት የውኃ አባቶች ቢሾሙ ውኃው እንደሚጣላ ሁሉ፣ በአንድ መረብ ውስጥ ሁለት አድራሻ አዳዮች ሲኖሩ ኢንተርኔቱ አንዴ ይሠራል፣ አንዴ ይቆማል። አብዛኛው ስህተት የሚመነጨውም ከዚህ ነው።

አስቀድሞ መሟላት ያለባቸው ነገሮች

የመጀመሪያው ኢንተርኔት የሚሰጥ ዋና ራውተር ነው። ራውተሩ በፋይበር፣ በስልክ መስመር ወይም በሲም ካርድ የሚሠራ ሊሆን ይችላል። ዋናው መስፈርት ከጀርባው ቢያንስ አንድ ክፍት የላን ሶኬት መኖሩ ነው። በኪስ የሚያዙና የኬብል መሰኪያ የሌላቸው አነስተኛ የሲም ካርድ መሣሪያዎች፣ እንዲሁም የስልክ ሆትስፖት ለዚህ ዘዴ አይሆኑም።

ሁለተኛው ያረጀው ራውተር ከነአዳፕተሩ ነው። ቀድሞ በመዳብ የስልክ መስመር ይሠራ የነበረ ሞደም ያለው ራውተርም ያገለግላል። የስልክ መስመሩ መሰኪያ ባዶውን ይቀራል፤ የሚያስፈልጉት የላን ሶኬቶቹና ዋይፋዩ ብቻ ናቸው። አዳፕተሩ ሲመረጥ ራውተሩ ላይ የተጻፈውን የቮልት መጠን ማየት ግድ ነው። 9 ቮልት የሚፈልገውን መሣሪያ 12 ቮልት በሚሰጥ አዳፕተር መሰካት ሊያቃጥለው ይችላል። የአምፔሩ መጠን ከተጻፈው እኩል ወይም የበለጠ መሆን አለበት፤ የመሰኪያው አዎንታዊና አሉታዊ አቅጣጫም መመሳሰል ይኖርበታል።

ሦስተኛው የኔትወርክ ኬብል ነው። ካት 5 ኢ የሚባለው ዓይነት ይበቃል። በሁለቱ መሣሪያዎች መካከል ያለው ርዝመት ከ100 ሜትር መብለጥ የለበትም። ጫፉ ያልታሰረ ኬብል ከተገኘ በሁለቱም ጫፍ ያሉት 8 ሽቦዎች በአንድ ዓይነት ቅደም ተከተል ይደረደራሉ። የተለመደው ቅደም ተከተል ነጭ በብርቱካናማ፣ ብርቱካናማ፣ ነጭ በአረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ በሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ነጭ በቡናማ፣ ቡናማ ነው።

አራተኛው ቅንብሩን ለመሥራት የሚያገለግል ኮምፒውተር ነው። ኮምፒውተር ከሌለ በስልክም መሥራት ይቻላል።

መሣሪያው በአገልግሎት ሰጪው በውሰት ወይም በኪራይ የተሰጠ ከሆነ ግን ከመነካካት በፊት ውሉን ማየትና ፈቃድ መጠየቅ ያስፈልጋል። የመሥሪያ ቤት ንብረት ከሆነም የንብረት ክፍሉ ሊያውቀው ይገባል።

የአሠራር ቅደም ተከተል

1. የዋናውን ራውተር አድራሻ ማወቅ። ከዋናው ዋይፋይ ጋር በተገናኘ ስልክ የዋይፋይ ዝርዝር መረጃ ሲከፈት ጌትዌይ ወይም ራውተር በሚለው አጠገብ ቁጥር ይገኛል። ብዙ ጊዜ 192.168.1.1 ሲሆን፣ በሲም ካርድ በሚሠሩ አንዳንድ ራውተሮች ላይ 192.168.8.1 ሆኖ ይገኛል። ቁጥሩ በወረቀት ይያዝ። ወደ ዋናው ራውተር ገጽ መግባት ከተቻለ ደግሞ ለደንበኞች የሚያድላቸው አድራሻዎች ከየት እስከ የት እንደሆኑ ይታይ።

2. ያረጀውን ራውተር ወደ ፋብሪካ ቅንብሩ መመለስ። መሣሪያው በርቶ ሳለ ሪሴት የሚል ጽሑፍ ያለበት ቀዳዳ ወይም ቁልፍ በመርፌ ጫፍ ከ10 እስከ 15 ሰከንድ ተጭኖ ይቆያል። መብራቶቹ ጠፍተው ሲበሩ የቀድሞው የይለፍ ቃልና ቅንብር ተሰርዟል ማለት ነው።

3. ወደ ራውተሩ ገጽ መግባት። በዚህ ጊዜ ያረጀው ራውተር ከዋናው ጋር መገናኘት የለበትም። ኮምፒውተሩ ከላን ሶኬቱ ጋር በኬብል ይያያዛል። በስልክ የሚሠራ ሰው ደግሞ የሞባይል ዳታውን አጥፍቶ፣ ከራውተሩ ሥር በተለጠፈው ወረቀት ላይ ባለው ስምና የይለፍ ቃል ዋይፋዩን ያገናኛል። ከዚያም በወረቀቱ ላይ የሚገኘው የራውተሩ አድራሻ በብሮውዘር ተጽፎ ይከፈታል፤ የመግቢያ ስምና ቃልም ከዚያው ይገኛል።

4. የተዘጋጀ የአክሰስ ፖይንት ምርጫ መኖሩን ማየት። በአንዳንድ መሣሪያዎች የአሠራር ሁኔታን ከሚመለከተው ገጽ አክሰስ ፖይንት የሚል ምርጫ ይገኛል። ይህ ካለ መምረጥና ማስቀመጥ ብቻ ይበቃል፤ አድራሻውንና ዲኤችሲፒውን ራሱ ያስተካክላል። በእነዚህ መሣሪያዎች ኬብሉ በየትኛው ሶኬት እንደሚገባ ገጹ ላይ ይገለጻል። ምርጫው ከሌለ ቀጣዮቹ ተግባራት በእጅ ይከናወናሉ።

5. ዋይፋዩን ማስተካከል። ለመረቡ ስም ይሰጠዋል። ብዙ የቆዩ ራውተሮች የግዕዝ ፊደልን ስለማይቀበሉ ስሙ በላቲን ፊደል ቢጻፍ ይመረጣል። የጥበቃው ዓይነት ደብሊው ፒ ኤ 2 ይሁን። የይለፍ ቃሉ ቢያንስ 12 ፊደላትና ቁጥሮች ቢኖሩት መልካም ነው። በ2.4 ጊጋ ኸርዝ የሚሠራ ከሆነ ቻናሉ ከ1፣ ከ6 እና ከ11 አንዱ ይመረጥ፤ እነዚህ ሦስቱ እርስ በርስ አይደራረቡም። ዋናው ራውተር ቻናል 1 ላይ ከሆነ ያረጀው 6 ወይም 11 ላይ ይደረጋል።

6. የራውተሩን አድራሻ መለወጥ። ላን በሚለው ገጽ ያረጀው ራውተር ከዋናው ጋር የሚመሳሰል፣ ነገር ግን በመጨረሻው ቁጥር የሚለይ አድራሻ ይሰጠዋል። ዋናው 192.168.1.1 ከሆነ ያረጀው 192.168.1.2 ሊሆን ይችላል፤ ዋናው 192.168.8.1 ከሆነ ደግሞ 192.168.8.2 ይሆናል። የተመረጠው ቁጥር ዋናው ራውተር ለስልኮች ከሚያድላቸው ውጭ መሆን አለበት። ዋናው ከ2 ጀምሮ የሚያድል ከሆነ፣ ከ10 እንዲጀምር ማስተካከል ችግሩን ይፈታል። ለውጡ ሲቀመጥ ግንኙነቱ ይቋረጣል፤ በአዲሱ አድራሻ ተመልሶ መግባት ያስፈልጋል።

7. ዲኤችሲፒን ማጥፋት። የውኃ አባትነቱ የሚነጠቀው እዚህ ላይ ነው። ዲኤችሲፒ ሰርቨር በሚለው ሥር አጥፋ የሚለው ተመርጦ ይቀመጣል። ይህ ተግባር ከአድራሻው ለውጥ በኋላ የሚከናወነው በምክንያት ነው። ቀድሞ ከጠፋ ኮምፒውተሩ አድራሻ የሚሰጠው አጥቶ ወደ ገጹ መመለስ ይቸገራል።

8. ሁለቱን ማገናኘት። የኬብሉ አንድ ጫፍ በዋናው ራውተር የላን ሶኬት፣ ሌላው ጫፍ በያረጀው ራውተር የላን ሶኬት ይሰካል። በእጅ በተቀናበረ ራውተር ላይ ዋን ወይም ኢንተርኔት የሚለው ሶኬት ባዶውን መቅረት አለበት። በሶኬቶቹ አጠገብ ያሉት ትናንሽ መብራቶች ከበሩ ኬብሉ ጤነኛ ነው።

9. መፈተሽ። የስልኩ የሞባይል ዳታ ጠፍቶ ከአዲሱ ዋይፋይ ጋር ይገናኛል። ድረ ገጽ ከተከፈተና የስልኩ ጌትዌይ የዋናውን ራውተር ቁጥር ካሳየ ሥራው ተሳክቷል።

በፍተሻው ወቅት ለሁለቱ መሣሪያዎች የተለያየ ስም መስጠት የትኛው እየሠራ እንደሆነ ለመለየት ያግዛል። ሁሉም ከተስተካከለ በኋላ ስሙንም የይለፍ ቃሉንም አንድ ዓይነት ማድረግ ይቻላል። ያን ጊዜ ከክፍል ወደ ክፍል የሚሄድ ሰው ስልክ ጠንካራ ሞገድ ወዳለው መሣሪያ በራሱ ይሸጋገራል።

የት ይቀመጥ?

አክሰስ ፖይንቱ ሊያገለግላቸው በታሰቡት ክፍሎች መሐል፣ ከወለል ከፍ ብሎ ቢቀመጥ ይመረጣል። ከብረት ካዝና፣ ከቆርቆሮ ግድግዳና ከማቀዝቀዣ ጀርባ መራቅ ይኖርበታል፤ ብረት ሞገድን ይመልሳል። በወፍራም የድንጋይ ግድግዳ ዙሪያ የተሻለው ብልኃት ኬብሉን በበር ወይም በመስኮት ጥግ አሳልፎ መሣሪያውን ከግድግዳው ወዲያ ማኖር ነው። ሞገዱ ድንጋዩን ለማለፍ ከሚታገል ኬብሉ ቢያልፈው ይቀላል።

አንቴናዎቹ ወደ ላይ ቀጥ ብለው ሲቆሙ ሞገዱ በዙሪያው ወደ ጎን ይሰራጫል። ከአቧራ፣ ከጭስና ከጣሪያ ፍሳሽ መጠበቅም የመሣሪያውን ዕድሜ ያረዝማል።

መብራትና መብረቅ

አንድ አነስተኛ ራውተር የሚወስደው ኃይል ጥቂት ነው። አዳፕተሩ ላይ 12 ቮልት እና 1 አምፔር ከተጻፈ ሊወስድ የሚችለው ከ12 ዋት አይበልጥም። መብራት በሚቆራረጥበት ቦታ በፀሐይ ኃይል በተሞላ ባትሪ ማሠራት ይቻላል። ለምሳሌ 8 ዋት የሚወስድ ራውተር በ5 ሰዓት ውስጥ 40 ዋት ሰዓት ይጠቀማል። 12 ቮልትና 7 አምፔር ሰዓት የሆነ ባትሪ ሲሞላ 84 ዋት ሰዓት ይይዛል። ባትሪው እንዳይጎዳ ግማሹን ብቻ መጠቀም ቢመከርም ለ5 ሰዓት ያህል ያበቃል። ዋናው ራውተርም መብራት እንደሚፈልግ ግን መዘንጋት የለበትም፤ እርሱ ከጠፋ አክሰስ ፖይንቱ ብቻውን ኢንተርኔት አይሰጥም።

ባትሪው በፀሐይ ኃይል ሲሞላ ቮልቱ ከ14 በላይ ሊደርስ ስለሚችል ራውተሩን በቀጥታ ከባትሪው ጋር ማያያዝ አደጋ አለው። ቮልቱን በ12 የሚያጸና መቆጣጠሪያ በመካከል ማስገባት ይገባል።

በክረምት ወራት በደጋው አካባቢ መብረቅ የተለመደ ነው። በሁለት ሕንጻዎች መካከል በአየር ላይ የተዘረጋ የመዳብ ኬብል የመብረቅ ኃይልን ወደ ሁለቱም መሣሪያዎች ሊያደርስ ይችላል። ስለዚህ ኬብሉ በአንድ ጣሪያ ሥር ቢወሰን ይሻላል። ከሕንጻ ወደ ሕንጻ መውጣቱ ግድ ከሆነ በፕላስቲክ ቧንቧ ውስጥ ሆኖ በመሬት ሥር ይቀበር፤ መከላከያውንም ባለሙያ ይሥራው። ነጎድጓድ ከመሰማቱ በፊት የመብራቱንም የኔትወርኩንም ኬብል መንቀል ያስፈልጋል፤ ነጎድጓድ መሰማት ከጀመረ በኋላ ግን ኬብሎቹን መነካካት አይገባም።

ደኅንነትና የጋራ አጠቃቀም

በፋብሪካ የተሰጠ የመግቢያ ቃል በብዙ ሰው ዘንድ የታወቀ ስለሆነ ወዲያው መለወጥ አለበት። ደብሊው ኢ ፒ የተባለው የቆየ የጥበቃ ዓይነት በቀላሉ የሚሰበር በመሆኑ ከእርሱ በቀር ሌላ የማይቀበል መሣሪያ ለዚህ ሥራ ባይውል ይመረጣል። በቁልፍ ብቻ የሚያገናኘውን ደብሊው ፒ ኤስ ማጥፋትም ይመከራል። አምራቹ አዲስ የሶፍትዌር ማሻሻያ ካወጣለት መጫን ይገባል።

ሌላው መታሰብ ያለበት የጥቅል ፍጆታ ነው። አክሰስ ፖይንት ያለውን ኢንተርኔት ያዳርሳል እንጂ አያበዛውም። ጥቅሉ በጊጋ ባይት የተወሰነ ከሆነ ተጠቃሚ ሲበዛ ቶሎ ያልቃል። የስልኮችን የራስ ሰር ማሻሻያና የቪዲዮ ጥራት መቀነስ፣ የይለፍ ቃሉንም በየጊዜው መቀየር ጥቅሉን ይቆጥባል።

ሲበላሽ ምን ይደረግ?

ስልኩ ተገናኝቶ ኢንተርኔት ከሌለው አስቀድሞ በዋናው ራውተር አጠገብ መሞከር ይገባል። እዚያም ከሌለ ችግሩ የመስመሩ ነው። እዚያ ካለ ግን ኬብሉ በዋን ሶኬት ገብቶ እንደሆነና የዲኤችሲፒው መጥፋት ይታይ።

ግንኙነቱ አንዴ እየሠራ አንዴ የሚቆም ከሆነ ሁለት አድራሻ አዳዮች ወይም አንድ ዓይነት አድራሻ የያዙ ሁለት መሣሪያዎች አሉ ማለት ነው። ወደ ያረጀው ራውተር ገጽ መግባት ካልተቻለ አዲሱ አድራሻ ተዘንግቶ ሊሆን ይችላል፤ አድራሻውን በወረቀት ጽፎ ከመሣሪያው ሥር መለጠፍ ይህን ያስቀራል። ምንም መፍትሔ ከጠፋ በሪሴት እንደገና መጀመር ይቻላል።

የመብራቶቹ ብልጭታ የሚቆራረጥ፣ መሣሪያው ከልክ በላይ የሚሞቅ ወይም የቃጠሎ ሽታ ያለው ከሆነ ከአገልግሎት ማውጣት ይገባል። የተበላሸ ራውተርም ቢሆን በእሳት ሊቃጠል ወይም በእርሻ መሬት ሊጣል አይገባም፤ በውስጡ አፈርንና ውኃን የሚበክሉ ብረቶች ይኖራሉ።

ኢንተርኔት በሌለበትስ?

መስመር በሚቋረጥበት ጊዜም መሣሪያው ፈጽሞ ከንቱ አይሆንም። በአንድ መረብ ውስጥ ያሉ ኮምፒውተሮች ያለ ኢንተርኔት ፋይል መለዋወጥና በአንድ ማተሚያ መጠቀም ይችላሉ። ትምህርት ቤት ከሆነ በአንድ ኮምፒውተር ላይ የተጫኑ መጻሕፍትን ተማሪዎች በስልካቸው ሊያነቡ ይችላሉ። ውክፔዲያን ያለ ኢንተርኔት ለማንበብ የሚያስችለው ኪዊክስ የተባለው ነጻ ሶፍትዌር ለዚህ ተግባር ይውላል።

ዋይፋይም ሆነ ዘመናዊ ስልክ ላልደረሰው አርሶ አደር ደግሞ በ2006 ዓ.ም ሥራ የጀመረው የ8028 የስልክ መስመር የግብርና ምክርን በድምፅ ይሰጣል፤ ለዚህ ተራ የእጅ ስልክ ይበቃል።

በመጋዘን የተቀመጠው ራውተር ሲታይ ቁራሽ ፕላስቲክ ይመስላል። በትክክል ከተቀናበረ ግን ከኃላፊው ክፍል ያልወጣውን ኢንተርኔት ለባለሙያው ጠረጴዛ፣ ለመምህራን ማረፊያና ለአርሶ አደሮች ማሠልጠኛ አዳራሽ ያደርሳል። አዲስ ለመግዛት በጀት ከመጠየቅ በፊት መጋዘኑን መፈተሽ የሚገባውም ስለዚህ ነው።